የግራው መቃን

ልጆቼ ቤት ሲከራዩ፣ ሠራተኛ ሲቀጥሩ፣ ይልቁንም ሰው ወደድን ሲሉ፣ ከአፌ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች። «ደግሞ ጀመረች» ይሉኛል። ይበሉ። አባባሏን ከመጽሐፍ አላገኘኋትም፤ እኛው ቤት፣ ሳሎኑ በር ላይ፣ ጆሮዬ እየሰማ የተወለደች ናት። ሰፈሩ ተቀባበላትና ዛሬ ምንጯን የማያውቅ ሁሉ ይናገራታል። ያለቦታዋ እንዳትውል ስለምሰጋ መነሻዋን ልጻፈው።

ጂማ፣ ሂርማታ ሰፈር የነበረው ቤታችን በአያቴ ዘመን የተሠራ ነው። የሳሎኑ በር መቃን እንደ ዛሬው ልሙጥ አልነበረም። በግራም በቀኝም ጠርዙ ተቀርጾ፣ አንዱ ጋ ያበጠ፣ አንዱ ጋ የጎደጎደ ጌጥ ከላይ እስከ ታች ይወርድበት ነበር። አባታችን አቶ ሽብሩ እንግዳ ሲመጣ «ግቡ» ከማለታቸው በፊት በሩን ያሳያሉ። አንድ ክረምት ታዲያ ምስጥ የግራውን መቃን ከሥሩ ጀምሮ እስከ ወገቡ በላው።

የከተማው አናጢ ሁሉ እየመጣ አየ። ያን ጌጥ የሚያወጣ የማሽን ቢላ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፣ ሁለቱንም ነቅለን በልሙጥ እንተካው አሉ። አባባ «የአባቴን በር ነቅዬ የሻይ ቤት በር ላስገባ?» እያሉ ሁሉንም ሸኟቸው።

በዚያው ሰሞን ጥላዬ የሚባል፣ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ወጣት፣ ታላቅ እህቴን ሙሉእመቤትን ለማግባት ሽማግሌ ይልክ ነበር። አባባ ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ ያለ መልስ መለሷቸው። ምክንያታቸው የልጁ ሱሪ ነው። ዘይት የጠጣ፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪ ለብሶ መንገድ ላይ አይተውታል። ሦስተኛ ጊዜ የመጡት ግን ጎረቤታችን አባ መጫ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንድ ሲሰነጥቁ የኖሩ፣ አባባ እምቢ ለማለት የሚያፍሯቸው ሰው። አባባ ጨነቃቸው። ዓይናቸው ሲንከራተት የተበላው መቃን ላይ አረፈ።

«የግራው መቃን የቀኙ መንትያ ከሆነልኝ ልጄን እሰጠዋለሁ» አሉ። «ካልሆነ ግን ዳግመኛ ሽማግሌ እንዳይልክብኝ።»

ልጅ በመቃን ስትሰጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እህቴ ጓዳ ሆና ሰምታ ሳቀች፤ የጥላዬን እጅ ታምናለች። እህል አልወርድ ያለኝ እኔ ነኝ።

ጥላዬ በማግስቱ ገስግሶ መጣ። ቢላው ከሌለ ከመኪና ባሌስትራ ብረት ሞርጄ አወጣዋለሁ አለ። ካርቶን አውጥቶ ጌጡ ላይ እያስጠጋ፣ እየቆረጠ፣ ብርሃን እንኳ እስከማያሳልፍ ድረስ አስተካከለው። እናቴ ይህን ስታይ ልቧ ፈራ። በሩ በየእንቁጣጣሹ ይቀባል፤ አንዱ ቀለም ሳይፋቅ ሌላው ይደረብበታል፤ አረንጓዴው ላይ ቡኒ፣ ቡኒው ላይ ክሬም። ግን በግልጽ ብትነግረው፣ ባሏ ከሚፈትነው ሰው ጋር ያበረች ይመስልባታል። ስለዚህ እንደ ወጉ ዞር አድርጋ ነገረችው።

«ልጄ፣ ይሄ በር እንቁጣጣሽ መጥቶ ሳይቀባ የቀረበት ዓመት የለም» አለችው።

ጥላዬ ቀና ብሎ ቤቱን ዙሪያውን አየ። «ያስታውቃል እናቴ። እንደ እርስዎ ቤት የጸዳ ጂማ ላይ አላየሁም» አላት።

ለካ ሙያዋን የምታስመሰክር አማት መስላዋለች። እናቴ ግራ ገብቷት፣ «ቀለም አንቆጥብበትም እኮ» ብላ ጨመረችለት።

«እጅዎ ይባረክ» አለና ካርቶኑን ይዞ ሄደ። ከዚህ በላይ ምን ትበል?

ከዚያ ሁለት ቢላ ሞረደ። እንጨቱ ባበጠበት ቢላው መጎድጎድ አለበት፣ በጎደጎደበት ደግሞ ማበጥ። ሁለቱም በሚዛን እኩል መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ማሽኑ ላይ ሲሽከረከሩ አንዱ ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል። ይህን የነገረኝ ራሱ ጥላዬ ነው፤ ምነው ባልነገረኝ። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ማሽን ሲጮህ ከሰማሁ ዓይኔን በእጄ እሸፍናለሁ፤ ልጆቼንም በዚያ መንገድ አሳልፌ አላውቅም።

ዓርብ ዕለት የተበላው ተቆርጦ ወጣና አዲሱ እንጨት ከላይኛው አሮጌ ጋር ተጋጠመ። አባባ አውራ ጣታቸውን መጋጠሚያው ላይ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አሳለፉ። ምንም አልያዛቸውም። ሳይወዱ በግዳቸው ሳቁ። አባ መጫ መረቁ፤ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ፤ እናቴም ጌሾ ልታስወቅጥ ተነሳች።

ጥላዬን እዚህ ላይ ቢበቃው ምን ነበረበት? ደስታ ግን ሰውን ያስለፈልፋል። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ቀለም ልፋቀውና እንጨቱ በራሱ መልክ ይታይ። በቫርኒሽ ላሳምርልዎ» አለ። አባባ ደስ አላቸው። እናቴ ፊቷን ወደ ጌሾዋ አዞረች።

ከላይኛው አሮጌ እንጨት ላይ ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ። ከሥሩ ጥላዬ አይቶት የማያውቀው ሌላ መቃን ወጣ። አንድ ወፍራም ጉብታ በነበረበት ቦታ ሦስት ቀጫጭን ዘንጎች፣ በመካከላቸውም ክር የምታህል መስመር። ከበታቹ ጥላዬ የሠራው አዲሱ እንጨት ልብስ እንደ ደራረበ ሰው ድቡልቡል ብሎ ቆሟል። ለካ በካርቶን የለካው እንጨቱን ሳይሆን የስንት እንቁጣጣሽ ቀለም ነው።

አባባ ቀረብ ብለው አዩ። «መንትያው ይሄ ነው?» አሉት። ከዚያ ወደ አባ መጫ ዞረው፣ «ሱሪውን ያየሁ ቀን ነግሬዎት ነበር። ሥራውም እንደ ሱሪው ነው። በቃ።»

እህቴ የያዘችውን ሰፌድ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ፊቷን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ጥላዬ አልተከራከረም። «ልክ ነዎት፣ አልሆነልኝም። ልጅዎን አልጠይቅም» አለ። «በሩን ግን እንዲህ አድርጌ አልሄድም።»

የሠራውን በገዛ እጁ ነቀለ። የቀኙንም መቃን እንጨቱ እስኪታይ ፋቀ፤ አዲስ ካርቶን ቆረጠ፣ አዲስ ቢላ ሞረደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚያው ሱሪ ተመላለሰ። ሙሉእመቤትን ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ያቀረበችለትን ውሃ ግን እንደ ትኩስ ሻይ ፉት እያለ ነበር የሚጠጣው።

የጨረሰ ዕለት አባባ፣ አባ መጫ ባሉበት፣ አውራ ጣታቸውን አሳለፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙት፤ መጋጠሚያውን ፈልገው አጡት። ጥላዬ ዕቃውን ሰብስቦ፣ እጅ ነስቶ ወጣ። አባባ እስከ አጥሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። «እጁስ እጅ ነው» አሉ፤ «ግን ልጄን ለዚያ ሱሪ እንዴት ብዬ…»

እህቴ ዛሬ ከዚያው ከጥላዬ አምስት ልጆች ወልዳ፣ ሁሉንም ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። አባባ ያን ዕለት ሰው ልከው ጥላዬን ከመንገድ ያስመለሱት ግን ሐሳባቸውን ሳይጨርሱ፣ አባ መጫ የተራቆተውን መቃን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው እንዲህ ስላሏቸው ነው፦ «ሽብሩ፣ ቀለም ለክተህ እንጨት አትቁረጥ።»