ተቀበል ጉብታ

ከዝንጀሮ ውኃ ገበያ ወጣ ሲሉ፣ መንገዱ ወደ ቆላ ከመጠምዘዙ በፊት፣ በስተግራ በኩል አንዲት ዝቅ ያለች ጉብታ አለች፤ ስሟ ተቀበል ጉብታ ነው። እንግዳ ሰው ስሟን ሲሰማ ጥንት ቀረጥ የሚቀበሉባት ኬላ የነበረች ይመስለዋል። ኧረ ምን ኬላ! ፍየል እንኳ የማይመኛት ደረቅ ጉብታ ናት። ስሟ የወጣላት፣ ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ በአንዲት እናትና በአንድ ሣጥን ምክንያት ነው።

እናትየዋ አንጓች ትባል ነበር፤ ከአዝማሪ ዘር ናት። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ጓንጉልን ያሳደገችው በግጥም ነው ይባላል። እሷ «ተቀበል!» ብላ ስንኝ ትሰጠዋለች፤ እሱ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያንኑ ስንኝ በዜማ ይመልስላታል። የአዝማሪ ወጉ ይኸው ነው፤ ሰሚ ይሰጣል፣ አዝማሪ ይቀበላል፤ ያልተቀበሉት ግጥም እንዳልተባለ ይቆጠራል። እናትና ልጅ ሲጣሉም ሲታረቁም በዚሁ ነበር።

ጓንጉል ድምፁ እየታወቀ ሲሄድ አንድ መኮንን አዲስ አበባ ይዘውት ሊሄዱ ፈለጉ። አንጓች ሰማይ ተደፋባት። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው፤ የልጁ ልብ ግን ሸፍቷል። በሚሄድበት ጠዋት ማሲንቆውን እንዳነገተ ደጃፉ ላይ ቆመና፣

«እማ፣ እንግዲህ ስንኝ ስጪኝና ልሂድ» አላት።

«የምሰጥህ የለኝም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቆሞ ጠበቃት፤ አልዞረችም። ሄደ።

ገና ዳገቱን ሳይጨርስ ስንኙ መጣላት። ግን ኩርፊያ ክፉ ነው፣ እግሯን ያዛት። «ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለች። ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ። ከዚያ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ገብቶ ሰውን ሲያጭደው፣ ጓንጉልም አብሮ ተቀበረ የሚል መርዶ መጣ። ማን እንደቀበረው፣ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። አንጓች ፊቷን ነጨች፣ አልቅሳ አልቅሳ ደከማት፤ ስንኟ ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደቆመ ቀረ።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ባሻ ውርጌ የሚባል ነጋዴ በበቅሎ ጭኖ ጉድ ይዞ መጣ፤ አፉ እንደ መለከት የሰፋ፣ እጀታውን ሲያዞሩት የሚዘፍን ሣጥን ነው። እዚያች ጉብታ ላይ አስቀመጠው፤ ገበያተኛው ግብይቱን ጥሎ ከበበው። «ሰይጣን ነው» ያለ አለ፤ «ውስጡ ድንክ ተቀምጧል» ያለም አልጠፋ። ባሻ ውርጌ ከጨርቅ ውስጥ ጥቁር ሸክላ አውጥቶ መርፌውን ጣል አደረገበት። መጀመሪያ ማሲንቆ ተሰማ፤ ቀጥሎ ድምፅ መጣ፤ የጓንጉል ድምፅ! ለካ በሕይወት ሳለ ፈረንጆች አዲስ አበባ ላይ በሸክላ ቀርጸውት ኖሯል።

አንጓች የምትሸጠውን ቅቤ ጥላ ሰው እየገፋች ገባች። «ጓንጉል! ልጄ!» ከዘፈኑ መሐል ድምፁ ያርፍና ማሲንቆው ብቻውን ይሄዳል፤ ሰሚ ስንኝ የሚሰጥበት ቦታ ነዋ! አዝማሪ ሁሉ እዚያ ላይ ይጠብቃል። አንጓችም ልጇ እሷን የሚጠብቅ መሰላት። እንባዋን ጠርጋ፣

«ተቀበል!
ፊቴን ያዞርኩብህ ስትወጣ ከደጄ፣
የቂም እንዳይመስልህ፣ እንባ ነበር ልጄ» አለች።

ሣጥኑ ግን የራሱን ቀጠለ፤ ስለ አንዲት ቆንጆ ፀጉር።

«አልሰማኝም» አለች። «ባሻ፣ በሞቴ ድገምልኝ።» ደገመላት። ያችው ቦታ ስትደርስ ጮኻ ሰጠች፤ ያው የቆንጆዋ ፀጉር መጣ። አፏን ወደ መለከቱ አስጠግታ፣ በለሆሳስ ሰጠች፤ አሁንም ያው ነው። አንድ ሽማግሌ አላስችል ብሏቸው፣ «አንጓች፣ ሣጥን እኮ ነው» አሏት።

«ድምፁ የእሱ አይደለም?»

«እሱስ የእሱ ነው» አሏት።

«እንግዲያው ተቀይሞኛል» አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ባሻ ውርጌ መርፌው ደንዝዞ ድምፁ እስኪሻክር ድረስ እያለቀሰ አዞረላት ይባላል። ሸክላውን ትቶላት እንዳይሄድ ያለ ሣጥኑ ምን ያደርግላታል? ሣጥኑን እንዳይተው እንጀራው ነው። በማግስቱ ጭኖ ሄደ።

እሷም በየገበያው ቀን ጉብታዋ ላይ እየተቀመጠች መንገድ መንገዱን ታይ ጀመር። ሀገሬው ቢቸግረው ከሩቅ አንድ ጎበዝ አዝማሪ አስመጣላት። አዝማሪው የጓንጉልን ዜማ አወጣ፣ ቦታው ላይ ጠበቃት፣ ሰጠችው፣ አሳምሮ ተቀበላት። ያላለቀሰ አልነበረም ይላሉ። አንጓችም ጎንበስ ብላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥሩ አድርገህ ተቀበልከኝ። ፊቴን ያዞርኩት ግን ባንተ ላይ አልነበረም» አለችው። ተመልሳም ተቀመጠች። እስክትሞት እዚያው ነበረች፤ አንድም ሰው ምንም ሊያደርግላት አልቻለም።

የዝንጀሮ ውኃ ሰው መንገደኛውን ጉብታዋ ላይ ሳያቆም መሸኘት የተወው ከዚያ ወዲህ ነው አሉ። ዛሬም አውቶቡሱ እዚያ ሲደርስ ሾፌሩ እያጉረመረመ ሞተሩን ያጠፋል። እናቶች በመስኮቱ ሥር ቆመው «ተቀበል!»፣ «ተቀበይ!» ይላሉ፤ ልጆቹም የተሰጣቸውን ሳይመልሱ አይሄዱም። ተኳርፈው የመጡ ከሆነማ ጉድ ነው። እናትየዋ ሌላ ቃል እምቢ ካላት፣ «አንተ የማትረባ!» ብላ ስድቧን ትሰጣለች፤ ልጁም ተሳፋሪው እየሳቀበት አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ «አንተ የማትረባ» እያለ በዜማ ይቀበላታል። ሾፌሩ ሞተሩን የሚያስነሳው ያኔ ነው።