የተደፋው ዋንጫ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ቤቱ ሊወድቅበት የደረሰ። ጥያቄህን ረስቼ አይደለም፣ ስንሻው። «የኔታ፣ የእኅቴ ኩላሊት ከተተከለልኝ ዓመታት አለፉ፤ ደህና ነኝ፤ ሰውነቴም ሳይለምደው አይቀርም፤ ታዲያ መድኃኒቱን እስከ መቼ ነው የምውጠው?» ነው ያልከኝ። መልሴ ይህ ገበሬ ነው፤ ሳታቋርጠኝ ስማ።

የገበሬው ምሰሶ በስብሶ ጣሪያው ዘመመ። በአገሩ ምሰሶ የሚሆን እንጨት ታጣ። ማዶ የምትኖር እኅቱ ግን ቤቷ በሁለት ምሰሶ የቆመ ነበርና አንዱን አስነቅላ ሰጠችው። «እኔን አንዱ ይበቃኛል» አለች። አናጢ መጥቶ ተከለው፤ ቤቱም ቀጥ አለ።

በዚያ ቤት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበረ። ለገበሬው አባት «ባዕድ ነገር ከዚህ ቤት አላሳድርም» ብሎ የማለ፣ ገበሬውንም በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ ታማኝ ሰው ነው። አናጢው ሽማግሌውን ልብ ብሎ አየና ገበሬውን ወደ ጓሮ ጠርቶ፣ «ይህ ሰው ምሰሶውን አይወደውም። ጧት ጧት ሥር የተቀቀለበት መራራ ጠላ በዋንጫ ስጠው፤ እጁን ያከብደዋል። አንድም ቀን እንዳትተው። ደግሞ አልፎ አልፎ እጅህን ወደ ምሰሶው ጀርባ ሰደድ አድርገህ ዳስሰው» አለው።

ገበሬው እንደታዘዘው አደረገ። እርግጥ ነው፣ ዘበኛ ሲደነዝዝ ጣጣ አለው፤ ጭላት ጫጩት ይነጥቃል፣ ጦጣ ጓሮ ይገባል፤ ገበሬው አጥሩን በገዛ እጁ ሲያጠብቅ ይውላል። ጎረቤትም «ዘበኛውን የሚጠብቅ ጌታ» እያለ ያሾፍበት ጀመር። ዓመታት አለፉ። ምሰሶው ጢስ ጠግቦ እንደ ቤቱ ዕቃ ሁሉ ጠቆረ። ገበሬውም አንድ ጧት «እንግዲህስ ለምዶታል» ብሎ ዋንጫውን መደቡ ላይ ደፍቶ ወጣ።

ሽማግሌው የተደፋውን ዋንጫ አየ። ፈገግ አለ።

ከዚያ ወዲያ ጭላት ዝር አላለም፤ ጦጣም ሸሸ። ገበሬው «ይኸው፣ ያ አናጢ ሲያሞኘኝ ኖሯል» አለ። አንድ ቀን ቀትር ላይ የረሳውን የቀንበር ማሰሪያ ምራን ሊወስድ ከእርሻ ተመለሰ። ከቤት ውስጥ ፍቅ፣ ፍቅ የሚል ድምፅ ሰማ። ደጃፉን ሲረግጥ ድምፁ ጠፋ። ሽማግሌው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ ሥር ተቀምጧል። «አይጥ ትሆናለች» ብሎ ምራኑን ይዞ ወጣ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወለሉ ላይ ደቃቅ ዱቄት አየ፤ ከጣሪያው የወረደ መሰለውና ጠረገው። ምሰሶው ከፊት ሲያዩት ያው ለስላሳ፣ ያው ጥቁር ነው።

በክረምቱ መግቢያ ግን በሩ አልገጥም አለ። ገበሬው ቀና ብሎ ሲያይ ጣሪያው ዘመም ብሏል። ያኔ የአናጢው ቃል ትዝ አለውና እጁን ከምሰሶው ጀርባ ሰደደ። እጁ እስከ አንጓው ገባ። ደንግጦ ዞር ሲል ሽማግሌው ከኋላው ቆሟል፤ ጥፍሮቹ የእንጨት ፍቅፋቂ ሞልቶባቸዋል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። «አይዞህ ልጄ፤ ባዕድ ነገር ቤትህ ገብቶብህ ነበር። ትንሽ ነው የቀረኝ» አለው።

ገበሬው ዋንጫውን አንስቶ ሞልቶ ሰጠው። የሽማግሌው እጅ እንደገና ከበደ። የተፋቀው ግን አልተመለሰም። ገበሬው ወደ ማዶ፣ ወደ እኅቱ ቤት ቀና ብሎ አየ፤ በቀረው አንድ ምሰሶ ቆሟል። ያንንም ስጪኝ አይላት ነገር።

ስንሻው፣ ቤቱ ሰውነትህ ነው፤ ምሰሶው የእኅትህ ኩላሊት። ሽማግሌው በደምህ ውስጥ እየዞረ ከበሽታ ሲጠብቅህ የኖረው ዘበኛህ ነው። አይጠላህም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ስለሚወድህ ነው የሚፍቀው። ደግሞም አልለመደም፤ እጁ ከብዶት ነው የተቀመጠው። ዋንጫው መድኃኒትህ ነው፤ ከምሰሶው ጀርባ የምትገባው እጅ ሐኪሙ የሚያዝልህ የደም ምርመራ። አያመኝም ትለኛለህ። ገበሬውንም አላመመውም።

አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ዋንጫህን ደፍተሃል? ምን አልክ? ከፋሲካ ወዲህ?

ተነስ! ሳትውል ሳታድር ሐኪምህ ዘንድ ሂድ፤ ምኑን ምን ያህል እንደምትወስድ እሱ ይንገርህ። የቀረውን ስትመለስ እንጨዋወታለን። እኔና አንተ እዚህ ስናወራ፣ ሽማግሌው ሥራ ላይ ነው።