በርኖስ የለበሰው እንግዳ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ትሉኝ ነበር፤ ዛሬስ የበግ በረት በሉኝ።

በአንድ ዘመን እንስሳት የሚዝናኑበት፣ ዥዋዥዌ የተሰቀለበት የመጫወቻ ስፍራ ነበረ። በረኛው ጉሬዛ አብሮት የተፈጠረውን፣ ያልደከመበትን ካባ እንደ ምግባር ቈጥሮ፣ ራቁቱን የመጣ ሁሉ እንዳይገባ ከለከለ።

አንዲት በግ ግልገሏን አስቀድማ ልካ ኋላ ተከትላ መጣች። ፀጉሯ ግን ለበርኖስ ሥራ ተሸልቶ ነበር።

«እሜቴ በጊቱ፣ አዳም እንኳ ቅጠል አገልድሟል፤ ይህ የጨዋ ስፍራ ነው፤ ለብሰው ይምጡ» አላት።

ወዲያው ጅብ በርኖስ ደርቦ ደረሰ። ጉሬዛ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «አያ ጅቦ፣ ይግቡ! አለባበስ እንዲህ ነው እንጂ!»

በጊቱ ጮኸች፦ «ኧረ ጌታዬ፣ ግልገሌ ውስጥ ናት! በርኖሱም ከእኔው ፀጉር የተሠራ ነው!»

«ታዲያ ማን ያውልቁ አለዎት?» አላት ጉሬዛ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጅቡ ሆዱን እያሻሸ ወጣ፤ ዥዋዥዌው ባዶውን ይወዛወዝ ነበር። ጉሬዛም በርኖሱን ከላይ እስከ ታች መርምሮ ለእናቲቱ አሳያት፦ «ይመልከቱ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ አላንጠባጠበም! ጨዋ ማለት ይህ ነው።»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ፤ በርኖስ ግን አታስነኩት።