የመስታወቱ ምስክር

በራሱ መሳቅ የሚወድ አንድ መስታወት ገጣሚ ለባለሀብቱ ለአቶ ደመላሽ ባለሰባት ፎቅ ሕንፃ ሙቀት የሚመልስ ድርብ መስታወት መርጦላቸው ነበር። እሳቸው ግን «የሚያብለጨልጨው ያምራል» ብለው ነጠላውን አስገጠሙት። ሕንፃው ተከራይቶ ካለቀ በኋላ «ለአካባቢ ተስማሚ ሕንፃ» የሚል የምስክር ወረቀት አማራቸው። ገጣሚውን አስጠርተው፣ «መስታወቱ ሙቀት ይከላከላል ብለህ ፈርም። አልፈርምም ካልክ የሁለተኛውን ሕንፃ ሥራ ለሌላ እሰጠዋለሁ» አሉት።

የዓመት እንጀራው ያ ሥራ ነበር። ብዕሩን አንስቶ ጥቂት አሰበና መልሶ አስቀመጠው።

«ጌታዬ፣ የሌላውን ድካም በስሜ ባልወስድ ይሻላል። እዚህ ሙቀቱን የሚከላከለው ተከራዮችዎ በየመስኮቱ የለጠፉት ካርቶን ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ መስታወት ስመርጥ ኖሬ የብስኩት ካርቶን በለጠኝ፤ ፊርማውንም እሱን ይጠይቁት።»