ዕውሩ ንጉሥና ያልተነገረለት ማራገቢያ

ቁም ነገረኛ በሚውልበት ደጅ ስለ ማራገቢያ ላወራ በመነሣቴ አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ። «ተረት ተረት» ስልም «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ እዚህ በረት ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ድሮ፣ በማሽኖች አገር፣ ከርነል የሚባል ንጉሥ ነበረ። የማሽን አንጎል የሆነውን ቺፕ የተሸከሙ፣ ቦርድ የሚባሉ ገበታዎችን ሁሉ ያዛል፤ ግን ዕውር ነው። ቦርዶቹን የሚያውቃቸው እመት ጦጢት የምትጽፈው መግለጫ ሲነበብለት ብቻ ነው። «በአንደኛው በር መብራት አለ» ከተባለ «ብራ!» ይላል። ያልተባለ ነገር ለእሱ የለም።

አንድ ቀን ትርንጎ የምትባል ቦርድ ተወለደች። ታላቅ እህቷ ዘርፌ በሁለተኛው በሯ ደወል አላት፤ ትርንጎ ግን ፈጣንና ቶሎ የምትግል ስለሆነች በደወሉ ቦታ ማራገቢያ ተተከለላት። ጦጢት ልታያት አልሄደችም። የዘርፌን መግለጫ ገለበጠች፣ ስሙን ቀየረች፣ ሙዟን ልጣ በላች።

ንጉሡም «የትርንጎ ደወል፣ ጩኽ!» አለ። ማን ይጩኽ?

«ጃንሆይ፣ ተቃጠልኩ! ማራገቢያዬን ይዘዙልኝ!» አለች ትርንጎ።

«ማራገቢያ አላት አልተባልኩም። የሌለ ነገር አይዞርም።»

«አለሁ እኮ!» አለ ማራገቢያው።

«የሌለ ነገር አይናገርምም» አለ ንጉሡ በእርጋታ።

ትርንጎ ጦጢትን ተጣራች። «እመት ጦጢት፣ በእናትሽ መጥተሽ እዪኝ!»

«ምንሽን አያለሁ? ያንድ እናት ልጆች አይደላችሁም?»

«ደወል ያላት እሷ ናት፤ እኔ ማራገቢያ ነው ያለኝ!»

«እሺ፣ ኧረ አትንጨርጨሪ!» ብላ ጦጢት መግለጫውን አረመች። ነገር ግን ከንጉሡ ጆሮ የሚደርሰው መርማሪው አያ ኤሊ ሲያሳልፈው ነው።

አያ ኤሊ አንገቱን ቀስ አድርጎ አወጣ። «በቃላቱ መሃል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። መልሺው።» መለሰችው። ትርንጎ ሞቀች።

«አሁን ደግሞ ጠበበ። መልሺው።» መለሰችው። ትርንጎ ጋለች።

«ለምን እንደተቀየረ ምክንያቱ አልተጻፈም።»

«ምክንያቱማ ልጅቱ እየተቃጠለች ነው!»

«እሱን ጻፊዋ። በጨዋ ቋንቋ።»

ጦጢትም «ቦርዲቱን ጥቂት ሞቅ ስላላት» ብላ ጻፈች። ትርንጎ መጨስ ጀመረች። አያ ኤሊ «ግሩም ነው» ብሎ አሳለፈው።

«ማራገቢያ፣ ዙር!» አለ ንጉሡ። ዞረ። ትርንጎ አንድ ጥጓ ቢጠቁርም ነፍሷ ተረፈች። አገሩም ጦጢትን አመሰገነ።

ብዙ ሳይቆይ ሦስተኛዋ እህት ደብሪቱ ተወለደች፤ እንደ ዘርፌ ባለ ደወል። ጦጢት ከስሕተቷ ተምራለች። «ሁለተኛ የዘርፌን አልገለብጥም!» ብላ ማለችና የትርንጎን ገለበጠች። እስከ ዛሬ ንጉሡ የደብሪቱን ደወል «ዙር!» ይለዋል፤ ደወሉም አልዞር በማለቱ በአመፅ ተከሷል።

እህቷን አይቶ የሚያጭ፣ በሠርጉ ቀን ይደነግጣል።

አደራ፣ ይህን ተረት ለማንም እንዳትደግሙት። የግድ ከሆነባችሁም፣ ስም ብቻ ቀይራችሁ እንዳትደግሙት።