ያልተቆጠረው ትንፋሽ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ ዝናብ መለካት ነበር። ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፣ እስከዳር። «ሌሎች ዓመታት የፈጀባቸውን ትምህርት እኔ በጥድፊያ ጨርሼ ብወጣ ግማሽ ነርስ አልሆንም ወይ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ከዚህች ሴት ዘንድ ነውና ጆሮሽን ስጪኝ።

ሴትዮዋ በአንድ ከተማ በአየር ጠባይ ጣቢያ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ወዳ የያዘችው ሥራ አልነበረም። ልጅ ሳለች ታናሽ እህቷ በትኩሳት ወድቃ ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር። እናታቸው ከአልጋው ሥር ተቀምጣ ስትንሰቀሰቅ አንዲት ነርስ መጣች። የሕፃኗን ግንባር በመዳፏ ይዛ፣ «አይዞዎት፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አለች። እህቷ ዳነች፣ ወደ ቤትም ተመለሱ። ያ መዳፍ ግን ከትልቋ ልጅ ልብ አልወጣም። አድጋ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ምርጫ ስትሞላ ነርስነትን ከሁሉ አስቀደመች፤ የደረሳት ምደባ ግን የአየር ጠባይ ጥናት ሆነ። ዘመዶቿ «የተገኘውን መያዝ ነው» አሏት። ያዘች፤ ተማረች፣ ተመረቀች፣ ተቀጠረች።

ታዲያ ጣቢያውን ከከተማው ሆስፒታል የሚለየው አንድ የሽቦ አጥር ብቻ ነበር። ቀትር ላይ የነርስነት ተማሪዎች ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ወጥተው፣ እየተሳሳቁ መንገዱን ተሻግረው ሳምቡሳ ይገዛሉ። ሴትዮዋም በዚያች ሰዓት ከአጥሩ አጠገብ አትጠፋም። አምቡላንስ እየጮኸ ሲገባ በእጇ የያዘችውን ሥራ ትረሳዋለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት «ምንም» ትላለች። ምን ትበል? ሰው የሞተበት ድንኳን ይጣልለታል፣ ጎረቤት ይሰበሰብለታል። ያልኖረው ሕይወት ለሚናፍቀው ሰው ግን ማን ለቅሶ ይደርሳል?

እንዲህ ስትኖር አንድ ወሬ ሰማች። በሌላ ትምህርት ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ በአጭር ጊዜ ነርስ አድርጎ የሚያወጣ ትምህርት በዚያው ሆስፒታል ተከፍቷል። የዚያን ቀን ምሳ ሳትበላ ቀረች። ለእናቷ ስትነግራት እናቷ አጨበጨበች፤ የደስታ ግን አልነበረም።

«የመንግሥት ወንበርሽን ትተሽ የሰው ቁስል ልታጥቢ? ያውም በዚህ ዕድሜሽ?»

«አዎ፣ እማዬ። እንዲያውም ዘግይቻለሁ» አለች።

አመለከተች፤ አልተቀበሏትም። ስለ ሰው አካል የሚያስተምሩትን ትምህርቶች አልወሰደችም ነበርና እነሱን ይዛ እንድትመጣ ነገሯት። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ይሆናል። እሷ ግን ከሥራ ስትወጣ የማታ ትምህርት እየገባች፣ ክረምቱም በጋውም አልፎ፣ የጎደላትን ሞላችና ተመልሳ አመለከተች። ለቃለ መጠይቅ ተጠራች፤ የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ ጠንካራ ሰው ነበሩ። «ይሄ ትምህርት ግልቢያ ነው፤ ብዙዎች ከመንገድ ይወድቃሉ። ትችይዋለሽ?» አሏት።

«በሩን ይክፈቱልኝ እንጂ እሮጣለሁ» አለቻቸው።

ከፈቱላት። እሷም ሮጠች።

ትምህርቱ በእርግጥም ግልቢያ ነበር። የዛሬው ሳይረጋ የነገው ይመጣል፤ ጠዋት ከበሽተኞች ክፍል ልምምድ፣ ከሰዓት የመድኃኒት ትምህርት። አብረዋት ከገቡት መካከል መሐንዲስ ነበረ፣ የባንክ ሠራተኛም ነበረ፤ አንዳንዶቹ ደክሟቸው ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። እሷ አልደከማትም። እየበላች ታነባለች፣ ታክሲ ስትጠብቅ ታነባለች። ያመለጧትን ዓመታት ሮጣ የምትደርስባቸው ይመስላት ነበር። በክፍሉም ውስጥ ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ ወደሚቀጥለው አልጋ የምታልፈው እሷ ነበረች። «እጇ ፈጣን ነው» እያሉ ያመሰግኗታል፤ ምስጋናውም እንደ ጠላ ቀስ እያለ ወደ ራሷ ወጣ።

ከበሽተኞቹ መካከል ሳንባቸውን የታመሙ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹ የእያንዳንዱን በሽተኛ ትኩሳት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና ትንፋሽ ወስደው ለአስተማሪያቸው ይናገራሉ። ለሌላው መሣሪያ አለው። ትንፋሽ ግን ሌላ ብልሃት የለውም፤ ቆሞ ደረትን እያዩ፣ እጅን ከሌላ ነገር ሰብስቦ፣ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ያን ጠዋት ሴትዮዋ የሸማኔውን ሌላውን ሁሉ ወሰደች። ትንፋሻቸው ላይ ስትደርስ ከግርጌ ሆና አየቻቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸጥ ብለዋል። «ተኝተዋል፤ ደህና ናቸው» አለች በልቧና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

አስተማሪዋ መጣች። ብዙ ዘመን በነርስነት የኖረች፣ ቃሏ ጥቂት የሆነ ሴት ናት።

«የአባባ ትንፋሽስ?» አለች።

ሴትዮዋ አንድ ቁጥር ተናገረች። ያማረ፣ የጤነኛ ሰው ቁጥር። አስተማሪዋ ራሷን ነቀነቀችና አለፈች።

ማንም አላየም፤ ማንም አያውቅም። ሴትዮዋ ግን ተከትላት አልሄደችም። ሳይለካ ለካሁ ያለ ተማሪ ከትምህርቱ ወጥቶ ከሚቀጥሉት አዲስ ገቢ ተማሪዎች ጋር ተመልሶ እንዲጀምር ደንቡ ያዛል። ምረቃው ደግሞ ቀርቧል። ዝም ብትል በቃ፣ ያ ሁሉ ናፍቆት ፍጻሜውን ሊያገኝ ነው። እንዲህ እያሰበች ቀና ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው። ደረታቸው ላይ ያለው ብርድ ልብስ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የአፍንጫቸው ቀዳዳም በየትንፋሹ ይከፈታል።

«ሲስተር!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ ሁሉ ዞረ። «አልቆጠርኩም። ገምቼ ነው የነገርኩዎት።»

አስተማሪዋ ተመለሰች። አልተቆጣችም፤ ሰዓቷን አውጥታ ከሸማኔው ደረት ላይ ዓይኗን ተከለች። ከዚያ «ሐኪም ጥሩ! ኦክስጅን አምጡ!» አለች። ሰዎች ተሯሯጡ። ቀትር ሲሆን የሽማግሌው የፊት ወዝ ተመለሰ፤ ውሃም ለመኑ።

አስተማሪዋ ሴትዮዋን ወደ ኮሪደሩ ይዛት ወጣች።

«ሰውየው ተርፈዋል። ያተረፋቸው መናገርሽ ነው። አደጋ ላይ የጣላቸው ደግሞ አለመቁጠርሽ ነው። ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ» አለቻት።

«ደንቡስ፣ ሲስተር?»

«ደንቡ እንዳለ ነው።»

ሴትዮዋ ጋዋኗን አውልቃ፣ አጣጥፋ አስረከበች። በበሩ ስትወጣ ተማሪዎቹ መንገዱን እየተሻገሩ ነበር፤ አቀርቅራ አለፈቻቸው።

የድሮ ሥራዋን ለቃለች፤ ስለዚህ ያ የሽቦ አጥር እንኳ አልቀረላትም። ከእናቷ ቤት ገብታ ተቀመጠች። እናቷም አዘነችላትና «ከዚህ በኋላ ይቅርብሽ፣ ልጄ» አለቻት። እሷ ግን የምትሰማ አትመስልም ነበር። ናፍቆቷ መልኩን ለውጦባት ነበር። ቀድሞ የምትናፍቀው ነጩን ጋዋን፣ «ሲስተር» ተብሎ መጠራትን ነበር። አሁን የናፈቃት የዚያ ሽማግሌ ደረት ነው። ሳህን እያጠበች «አሁን እንዴት ይተነፍሱ ይሆን?» ትላለች። በመንገድ የሚያስል ሰው ስትሰማ ዞር ትላለች።

አላስችል ሲላት ብርቱካን ገዝታ፣ በሕሙማን መጠየቂያ ሰዓት፣ ከጠያቂዎች ሰልፍ ተሰልፋ ገባች። ሸማኔው ከትራስ ላይ ተደግፈው ነበር፤ ሲያዩዋት ለዩዋት።

«የት ጠፋሽ፣ ልጄ? ነጩን ልብስሽንስ ምን አደረግሽው?»

«አጥፍቼ ነው፣ አባባ። የእርስዎን ትንፋሽ ሳልቆጥር ቆጠርኩ ብዬ ነበር።»

ሽማግሌው ብርቱካኑን በእጃቸው አገላበጡት። ከዚያ ሳቅ ከሳል ጋር ተቀላቅሎ ወጣቸው።

«እንግዲያው አሁን ቁጠሪያ! እኔ እንደሆነ የትም አልሄድ።»

ተቀመጠች። ጋዋን አልለበሰችም፤ ቁጥሩን የሚጠይቃት አስተማሪ የለም፤ ማለፍም መውደቅም የለም። በዙሪያዋ ጠያቂዎች ያወራሉ፣ ሳህን ይንኳኳል፣ ሕፃን ያለቅሳል። እሷ ግን ዓይኗን ከሽማግሌው ደረት ላይ ጥላ፣ አንዱን ትንፋሽ ከሌላው ሳታቀላቅል፣ ደቂቃው እስኪሞላ ቆጠረች። ትምህርቱን ከጀመረች ወዲህ ሳትቸኩል የቆየችባት የመጀመሪያ ደቂቃ ያቺ ነበረች።

«እህስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ደህና ነው፣ አባባ። ደህና ነው» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ከሚቀጥሉት ገቢዎች ጋር ተመልሳ ጀመረች። እንደ በፊቱ ሮጠች፤ ትምህርቱ ግልቢያ ነውና። ከአልጋ አጠገብ ስትደርስ ግን ትቆም ነበር። ተመረቀች፤ እናቷም በምረቃው ዕለት ከሁሉ ቀድማ እልል አለች።

እንግዲህ አንቺ እስከዳር፣ አንቺ ያቺ ሴት ነሽ። በአጭሩ መንገድ መግባት ያሳፍርሻል፤ ያለፈሽም ዘመን ያንገበግብሻል። የትምህርቱ ዘመን ይጠር፤ ዕውቀቱን ተግቶ የያዘ ሰው ሙሉውን ይዞ ይወጣል። ትንፋሽ የሚቆጠርባት ደቂቃ ግን ብዙ ዓመት ለተማረውም ላንቺም እኩል ናት፤ ሰውን ግማሽ ነርስ የሚያደርገው እሷን ማሳጠር ነው። ናፍቆትሽንም አትፍሪው። ናፍቆት እንደ በቅሎ ነው፤ ገደሉን ሁሉ አሻግሮ እስከ ሆስፒታሉ በር ያደርስሻል። በበቅሎ ተቀምጦ ግን ከበሽተኛ ክፍል አይገባም። ከበሩ ስትደርሺ ውረጂና በእግርሽ ግቢ።