የሸህ ጀውሃር ውዱእ

መስጊዷ ከገበያዋ በሚቀድም በአንዲት ከተማ ሸህ ጀውሃር የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። አርባ ዓመት ቁርኣንና ኪታብ ሲያቀሩ ኖረው በስተርጅና ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። ያስተማሯቸው ደረሶች ሊያገለግሏቸው፣ ለኺድማ፣ ቤቱን ሞሉት። አንዱ ያጎርሳል፣ አንዱ ያለብሳል፤ ለሰላት አጥቦ ውዱእ ለማስደረግማ ግፊያው ለብቻው ነበር። ከአላህ የሚከፈል አጅር የሚጠላ የለም። ሸሁ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ቤት እየመጣች እጃቸውን የምታሠራው ባለሙያ ለልጃቸው ለዘይነባ ቁርጡን ነገረቻት።

"ሁሉን ስታደርጉላቸው እጁ ሥራ ፈታ። እንዲህ ከቀጠለ አይመለስም፤ ልባቸውም አብሮ ይሞታል።"

ዘይነባ በማግስቱ ደረሶቹን አሰናበተች። ከተማው የአባቷን ሐቅ በላች ብሎ አማት።

በሦስተኛው ሳምንት የሸሁ የጥንት ጓደኛ ሐጅ ሙፍታህ ሊጠይቋቸው ለዚያራ መጡ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ሸሁ የአሱርን ሰላት ገና አልሰገዱም። ዱካ ላይ ተቀምጠው ማንቆርቆሪያውን በዛለው እጃቸው ለማንሳት ይታገላሉ። ወደቀ። ዘይነባ ሞልታ መለሰችላቸው። ደግሞ ወደቀ፤ የሸሁ እንባ ወረደ።

ሐጅ ሙፍታህ ብድግ አሉ። "ሰላቱ ሊያልፋቸው ነው እኮ። አምጪው፣ እኔ ላፍስስላቸው።"

"ይቅርብዎ አባባ፣ አይንኩት" አለች ዘይነባ።

"አንቺ ልጅ፣ አላህን አትፈሪም?"

እንዴት አትፈራ! ደረሶቹን ካሰናበተች ወዲህ አባቷ አንድ ቃል አልተነፈሱላትም። እንደተቀየሟት ቢሞቱስ? እጇ ወደ ማንቆርቆሪያው ሲሄድባት በሌላው እጇ ጨምድዳ ያዘችው።

ሸሁ እየተንተባተቡ ቢስሚላህ አሉ። ማንቆርቆሪያው አንድ ስንዝር ያህል ተነሳ። ከመዳፋቸው ይልቅ ጉልበታቸው ራሰ፤ ግን ፊታቸውን ታጠቡ። ከዚያም ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ ለጓደኛቸው ተናገሩ።

"ተዋት። እናንተ... አጅር ፈለጋችሁ። እሷ... እኔን ፈለገች።"

ዘይነባ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

እኔም በሽተኛ ዘይሬ፣ አጉርሼ፣ ደግፌ አስነስቼ፣ በራሴ ደስ ብሎኝ የወጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ግን በሩ ላይ ቆም እላለሁ። አላህ ለዚያ ሰው ካስቀረለት አቅም ላይ፣ በደግነቴ ስንቱን ቀምቼው ወጣሁ?